የተመለሰው ሙዝ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬ ጠፍቶ፣ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለማውጣት አርባ ምንጭ ካሉት ፖሊስ ጣቢያዎች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። መታወቂያ የሌለው ሰው በአገራችን ከሞተ ሰው የሚሻለው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ወንበር አልጠበቅሁም። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ የሚነበብ ነገር ሳጣም ከጠረጴዛው በላይ የተሰቀለውን አዲስ ባነር አነበብኩ። «የፖሊስ አባልም ሆነ ሠራተኛ ከተገልጋይ ስጦታ፣ ግብዣና የዋጋ ቅናሽ አይቀበልም!» ይላል። ቃለ አጋኖው ከፊደሎቹ ይተልቃል። ከግርጌው ጅራቱን ያጠፈ ሰማያዊ ዓሣ ተስሏል፤ የአንድ ሆቴል ምልክት ነው። ከዓሣው ጎን በደቃቃ ፊደል «በሆቴላችን ትብብር የተዘጋጀ» ተብሎ ተጽፏል።

ደግሜ አነበብኩት። ስጦታ የሚከለክለው ባነር ራሱ ስጦታ ነበር። መሳቅ አማረኝ፤ ግን ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ብቻውን የሚስቅ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል ብዬ ተውኩት።

አጠገቤ ካለው አግዳሚ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ጭናቸው ላይ ቅርጫት ይዘዋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ እንቁላል አለ። ሲጠሩ ተነሥተው፣ አንድም ቃል ከመናገራቸው በፊት ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እማማ፣ ይሄ አይቻልም» አለች ወጣቷ ፖሊስ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ድምፅዋም የለዘበ ነው። በእስክሪብቶዋ ወደ ባነሩ አመለከተች። «አዩት? ተከልክሏል። እንቁላልዎን ይያዙና ይቀመጡ፤ መርማሪው ይጠራዎታል።»

እማማ ባነሩን አዩት። ዓይናቸው ከፊደል ፊደል አልተራመደም፤ ጨርቁን በሙሉ እንደ ሥዕል ነው የተመለከቱት። ከዚያ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ አግዳሚው ተመለሱ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የወረደውን ነገር አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አንድ ሰው ፊት ላይ አይቼዋለሁ፤ ሰውዬው በማግስቱ ሰው ገደለ።

አባቴ ሃምሳ አለቃ አያሌው ከጎጃም በወታደርነት ወርዶ በፖሊስነት አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነበር። ቤታችን ሴቻ ነው፤ ከዳገቱ ጫፍ ስለነበር ከደጃችን ቆመን ሁለቱንም ሐይቆች እናያለን፣ ዓባያን እንደ ጠላ አተላ ቡናማ፣ ጫሞን ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ። አባቴ ሙቀቱን ለመደው እንጂ አልወደደውም። የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ድብልብሉ ከኩርኩፋ ጋር ቢቀርብለት አይበላም፤ ዳጣውን «እሳት በማንኪያ» ይለዋል። በዚህ አገር ከልቡ የወደደው ነገር ቢኖር የፖሊስ ደንብ ነው፤ እሱም ቢሆን የዚህ አገር ምርት አይደለም።

ያኔም ስጦታ የሚከለክል ደንብ ነበር። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ደግሞ ይበላል። ከዳገቱ ሥር ባለው በሲቀላ ሰፈር ጋሽ ሙሉጌታ የሚባል ሰው ዓሣ ቤት ነበረው፤ እዚያ ፖሊስ የሚከፍለው ግማሽ ሂሳብ ነው። ከአስተናጋጅ እስከ ዓሣ በላተኛ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ለፖሊስ የሚጠበሰው ቆሮሶ ዓሣ እንኳ ወፈር ያለው ተመርጦ ነው። አንድ ጊዜ ፈተና አልፌ አባቴ ሊጋብዘኝ ወሰደኝ። በልተን ስንጨርስ ጋሽ ሙሉጌታ ከተከፈለው ላይ ግማሹን መልሶ ይዞ መጣ።

«ይሄ የርስዎ ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ለምን? ሂሳቡ ተለወጠ?»

«ለእናንተ እኮ ግማሽ ነው።»

«እኛ እነማን ነን?»

«ፖሊሶች ናችኋ!»

«እኔ አሁን ፖሊስ አይደለሁም። ዓሣ የበላ ሰው ነኝ።»

ጋሽ ሙሉጌታ ብሩን እንደያዘ ቆመ። ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ፖሊሶች አንገታቸውን ደፍተው አጥንት ይለቅማሉ። «ምን በደልኩዎት?» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የምሩን ነበር። እኛ ዳግመኛ እዚያ ቤት አልበላንም፤ የአባቴ ባልደረቦች ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጾመኛው» አሉት።

ጉቦ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በጠረጴዛ ሥር የሚሾልክ ፖስታ ነው። ግማሽ ዋጋ ፖስታ የለውም። ጋሽ ሙሉጌታ ከፖሊስ አንዳች ነገር ጠይቆ አያውቅም፤ መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር። አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ቢጣላና ፖሊስ ቢጠራ፣ የመጣው ፖሊስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት ሆዱ ያውቃል። ስለዚህ አባቴ ትክክል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የቀረው ታሪክ ስሕተተኛ ስለሚያስመስለው ነው። ትክክል ነበር። መከራው የመጣውም ከትክክለኛነቱ ጋር ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በነበርኩበት ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። ማንጎው ሳይበስል ይረግፍ ነበር፤ ከምዕራብ ዓባያ በኩል የሚመጡት መኪናዎች አቧራ ለብሰው ሲገቡ ቀለማቸው አይለይም። ከከተማው ወጣ ባለው ጫኖ ሙዝ የሚያለማው ገበሬ የሚኖረው ከተራራው በሚወርድ የመስኖ ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ በተራ ነው የሚጠጣው። ማቴዎስ የሚባል ገበሬ ከቦዩ ታች፣ ባሳ የሚባለው ከላይ ነበር መሬታቸው። ባሳ በማቴዎስ ተራ ቦዩን እየሰበረ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ መለሰ። ሽማግሎች ጠሩት፤ አልመጣም። ማቴዎስ በዓይኑ እያየ ሙዙ ቅጠሉን አጣጥፎ ቆመ። አዲስ የተከለው ደግሞ ጭራሽ ደረቀ። ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መሬት አልነበረውም።

በመጨረሻ ጣቢያ ሄዶ ከሰሰ፤ ጉዳዩም ለአባቴ ተመራ። አባቴ ምስክሮቹን ሰምቶ አመነው። ሰኞ ጫኖ ወርዶ ቦዩን በዓይኑ ሊያይና ባሳን ይዞ ሊመጣ ወስኖ ነበር። ይህን ለእናቴ ነግሯታል። ለማቴዎስ ግን አልነገረውም፤ ፖሊስ የሚያደርገውን ሳያደርግ አያወራም የሚል እምነት ነበረው።

ማቴዎስ በበኩሉ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነበር። የባሳ ጋሪ በየሳምንቱ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች፤ ለፖሊሶች ሙዝ በቅናሽ ትሸጣለች። ከገበያው ዋጋ በጣም ዝቅ ይላል። አባቴ ከዚያች ጋሪ አንዲት ሙዝ ገዝቶ አያውቅም። ግን ከዳር ሆኖ የሚያይ ገበሬ ከደንብ ልብስ መሐል አንዱን እንዴት ይለያል?

ቅዳሜ ቀትር ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ረጅም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ትልቅ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ቆሟል። ሴቻን በእግሩ ነው የወጣው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ከሙዙ በወጣ ውሃ ጠቁሯል። ያ ሁሉ ማሳ ደርቆበት ይህን ዘለላ ከየት እንዳገኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ከኋላዬ መጣ።

«ሰላም ነው፣ ሃምሳ አለቃ? ቤትህን ልይ ብዬ ነው» አለ ማቴዎስ። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ «አንተ» ሲል ንቀት የለበትም።

«ጉዳይህ ቢሮ ነው ያለው።»

«ጉዳይ አይደለም። ሙዝ ነው።»

«መልሰው።»

«ልጆች ይብሉት።»

«ልጆቼ በልተዋል። ሕግ አይፈቅድም፤ መልሰው።»

እናቴ ከውስጥ ሆና ጮኸች። «ኧረ ሰውዬው ከፀሐይ ይግባ! ውሃ እንኳ ይቅመስ!»

«ክስ ያለው ሰው እኔ ቤት አይገባም» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። በሩን እንኳ የዘጋው ቀስ ብሎ ነው።

በጋሞ ምድር ሰው ባዶ እጁን ሰው ቤት አይሄድም። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነው፦ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ እስኪያስታርቃቸው ድረስ አንዱ ከሌላው እጅ አይበላም፤ ውሃም አይቀበልም። የታረቁ ዕለት አብረው ይቀምሳሉ፤ እርቁን የሚያጸናው መቅመሱ ነው። ማቴዎስ የወንጌል አማኝ ስለነበር ይህን የአባቶች ነገር ትተናል ከሚሉት ወገን ነው። ቢሆንም ከአፍ የወጣ ልማድ ከልብ ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል። አባቴ «ሕግ አይፈቅድም» ሲል፣ ማቴዎስ የሰማው «እኔና አንተ ጠላት ነን» የሚለውን ነው። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ መመለሱ ደግሞ ማኅተሙ ነበር።

እናቴ በጓሮ በር ጠርታ ገፋችኝ። «ሂድ፣ ሸክሙን አግዘው። ይሄ አባትህ እግዜር ሲፈርድበትም ደንቡን አሳየኝ ሳይል አይቀርም።»

ከሴቻ ወደ ሲቀላ ያለውን ቁልቁለት አብረን ወረድን። ዘለላውን በየተራ ተሸከምነው፤ የጫኖ መኪና የሚነሣው ከታች ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሣር ነዶ ጠቁሯል፤ ዝንጀሮዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው ሙዙን እያዩ ይከተሉናል።

«አባትህ ሙዝ አይወድም?» አለኝ ማቴዎስ።

«ይወዳል።»

«ከየት ያመጣል?»

«እናቴ ከገበያ ትገዛለች። ከሲቀላ።»

«ከማን?»

«ከአንዲት ሴትዮ። የወርቅ ጥርስ ያላት።»

ቆመ። ዘለላው በእሱ ተራ ነበር፤ ከትከሻው አውርዶ መንገዱ ዳር አስቀመጠው። «የባሳ ሚስት ናት» አለ። ይህን አላውቅም ነበር፤ እናቴም አታውቅም። «ዋጋ ትቀንስላችኋለች?»

«አይ፤ እንደ ሰው ሁሉ ነው። ብቻ ምርቃት ትጨምራለች።»

«ምርቃት» አለ ማቴዎስ።

አገሩ ሁሉ ምርቃት ይጨምራል። ሙዝ ለገዛ አንድ ሙዝ፣ ሽንኩርት ለገዛ አንድ ራስ ሽንኩርት ይታከላል፤ ሳይታከል የሄደ ደንበኛ ሻጯን እያማ ነው የሚሄደው። ማቴዎስ ራሱ ሲሸጥ ምርቃት ይጨምር ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ቁጣ አልነበረም። ረጅም ጊዜ ሲያሰላ የቆየ ሰው መልሱን ያገኘ ጊዜ የሚያሳየው ዓይነት ዕረፍት ነው። ሁሉም ነገር ገብቶታል፦ ሁሉም በሚቀበልበት ጣቢያ ውስጥ አንዱ ከኔ አልቀበልም ካለ፣ ከሌላው ተቀብሏል። ፍርድ ቤት ቢሆን እኔም በዚህ ማስረጃ እፈርድ ነበር። የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው።

መኪናው ጋ ስንደርስ አመሰገነኝና እጄን ጨበጠኝ። ዘለላውን ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱ ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለው።

እሑድ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ዘመረ። ከዚያ ነጭ ሸሚዙን ሳያወልቅ ወደ ቦዩ ወረደ። ተራው የእሱ ነበር፤ ባሳም እንደ ልማዱ ቦዩን ሰብሮ ውሃውን ወደ ማሳው ሲመልስ አገኘው። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። ያዩት ሰዎች ማቴዎስ አካፋውን ከባሳ እጅ እንደነጠቀውና አንድ ጊዜ እንደመታው፣ ከዚያም እዚያው ቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃው ወደ ራሱ ማሳ ሲገባ ያይ እንደነበር ተናገሩ። ባሳ ሳይመሽ ሞተ።

ሊይዘው የሄደው አባቴ ነው። አብሮት የነበረ ወጣት ፖሊስ በኋላ እንደነገረኝ፣ ማቴዎስ አልሸሸም። እጁን ለካቴና ሲዘረጋ አባቴን ቀና ብሎ አየውና፣ «ከኔ እጅ አልበላህም። ከባሳ በላህ አልኩ» አለው።

«ሰኞ ልመጣልህ ነበር'ኮ» አለ አባቴ።

«አልነገርከኝም።»

አባቴ እቤት ሲገባ እጁን ረጅም ጊዜ ታጠበ። የቀረበለትን እራት አልነካም። እናቴ ግን ያን ቀን ዝም ማለት አልቻለችም።

«ብታስገባው ምን ነበረበት? አንድ ብርጭቆ ውሃ!»

«ደንቡን አልጣስኩም።»

«ማን ጣስክ አለህ? አንተ አልጣስክም። ሁለት ቤት ፈረሰ እንጂ፣ አንተማ አልጣስክም።»

ማቴዎስ ከተፈረደበት በኋላ እናቴ ስኳርና ሳሙና ገዝታ፣ እኔን አስከትላ ጫኖ ወረደች። ሚስቱ ማርታ በደጅዋ ነበረች፤ ከደረቀው ሙዝ ግንድ ለከብት የሚሆነውን ትቆራርጣለች። አልተቆጣችንም። በርጩማ አውጥታ ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠችን፤ ልጆቿን ጠርታ ሰላም አስባለችን። እናቴ ዕቃውን ስትዘረጋላት ግን እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«አይ፣ እትዬ። ከፖሊስ ቤት አንቀበልም።»

«የኔ ነው፤ ከራሴ ነው። እኔ ፖሊስ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። ክስ ያለው ሰው መስጠትም መቀበልም አይችልም አሉ። ሕጉ እንደሱ ነው አሉ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ምጸት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሕጉ ይህ መስሏት ነው። ባሏን የወሰደው ሕግ ስለሆነ፣ ልጆቿን እንዳይወስድባት ልታከብረው ቆርጣለች።

እናቴ ስኳሩን አቅፋ ከምዕራብ ዓባያ በመጣው አውቶቡስ ተመለሰች። መስኮቱን እያየች አለቀሰች፤ የስኳሩ ከረጢት ጥግ ረጠበ። ማታ ለአባቴ ነገረችው። እሱ ጥቂት አሰበና፣ «ትክክል ናት» አለ። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ከእሱ ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

ማቴዎስ እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ጋቢ ገዝተው ሊሸልሙት ቢያስቡም ማንም ደፍሮ ሊሰጠው አልቻለም፤ ጋቢውን ለሌላ ጡረተኛ አደረጉት ሲሉ ሰምቻለሁ። እስኪሞት ድረስ ሙዝ ቤታችን አልገባም።

ባነር አንብቤ ይህን ሁሉ ማሰቤ ደንቡን ስለምጠላ አይደለም። ደንቡ ትክክል ነው፤ ጋሽ ሙሉጌታ ዓሣ ቤት የበላ ሰው ያውቀዋል። ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚያከብረው ሕግ፣ ከውጭ ሲያዩት ሕግ አይመስልም። ጥላቻ ይመስላል። ሌላ የሚመስል ከሆነም፣ በውድ ዋጋ ለመሸጥ መጠበቅ ይመስላል።

ከአሮጊቷ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ምን ገጥሞዎት ነው?»

«ልጄ ናት» አሉ። «ሆቴል ዕቃ ታጥባለች። የፈላ ዘይት እጇ ላይ ገለበጡባት። አሳክሙኝ ብትላቸው አባረሯት። ጣቶቿ አይዘረጉም።»

«እንቁላሉን የመለሱት ጠልተውዎት አይደለም» አልኳቸው። «ከማንም አይቀበሉም። ከዚያኛው ወገንም አይቀበሉም። እዚያ የተጻፈው እሱ ነው።»

አባቴ በር ላይ ቆሞ ያልተናገረው ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር። ለመናገር ግማሽ ዕድሜ ፈጅቶብኛል፤ ስናገረው ጥሩ አድርጌ የተናገርኩት መሰለኝ።

እማማ ባነሩን እንደገና አዩት። በዚህ ጊዜ ቀስ ብለው፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ በጣታቸው ወደ ግርጌው አመለከቱ።

«ፊደል አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ያን ዓሣ ግን አውቀዋለሁ። የልጄ ሽርጥ ላይ አለ።»

ማቴዎስ ተሳስቶ ነበር፤ ለእሱ የሚነገር እውነት ነበረ። ለእኒህ ሴት የሚነገረውን ስፈልግ ስሜ ተጠራ፤ መታወቂያዬ መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ወረቀት ማኅተም ተመቶ ወጣልኝ። በሩ ጋ ስደርስ ዞሬ አየኋቸው። እማማ አሁንም ይጠብቃሉ። የእንቁላሉን ቅርጫት ከአግዳሚው ሥር አስገብተው፣ እንዳይታይ ቀሚሳቸውን ጋርደውበታል።